የጉበት ሰዓትና የአማርኛ ሰዓት፦ በሥነ ሕይወት አቻ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ሳይንስ ወደ አንድ ቋንቋ ሲገባ አስቀድሞ የሚፈተነው በስያሜዎቹ ነው። የሰውነትን የቀንና የሌሊት ዑደት የሚመረምረው የሥነ ሕይወት ዘርፍ ወደ አማርኛ መግባት ከጀመረ ሰንብቷል። በጤና ትምህርት ዝግጅቶች፣ በጋዜጣ ዐምዶችና በትርጉም ጽሑፎች «ዕለታዊ ምት»፣ «የዘረመል አገላለጽ»፣ «የምግብ መፈጨት» የሚሉ ስያሜዎች ይነበባሉ፤ ይደመጣሉ። በዚህ ጽሑፍ እነዚህን አቻ ቃላት አንድ በአንድ እንመዝናለን። ማሳያ አድርገን የያዝነው ጉበትን ነው፤ በሰውነት ውስጥ የጊዜና የምግብ ነገር ይበልጥ ተጋጥሞ የሚታየው በእርሱ ዘንድ ነውና።

ለመመዘኛ የሚሆነንን ስፍራ ከጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስና ከአካባቢው ወስደናል። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ የገበሬው አነጋገር ዛሬም ቀኑን በፀሐይ፣ በከብትና በሥራ የሚለካበት አገር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የቅኔና የግእዝ ትምህርት ሥር የሰደደበት፣ ቃል ፈጣሪው ሁሉ ለአዲስ ስያሜ የሚቆፍረው ጉድጓድ ያለበት አገር መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ስያሜ በዚያ ሲነገር በሁለት ጆሮ ይሰማል፤ በገበሬው ጆሮና በሊቁ ጆሮ። እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቃሉን ለአንድ ሰው ብትነግረው ሰውየው ተገቢውን ነገር በተገቢው ጊዜ ያደርጋልን? ይህን የማያስገኝ ስያሜ ምንም ያህል ቢያምር አቻ ቃል ነው ለማለት አንደፍርም።

ሀ. ነገሩ በአጭሩ

ስያሜውን ከመንቀፍ በፊት ተሰያሚውን ማወቅ ይገባል። በአብዛኞቹ የሰውነት ሕዋሳት ውስጥ 24 ሰዓት ያህል ወስዶ የሚዞር ሥርዓት አለ። ክሎክና ቢማል 1 የተባሉ ፕሮቲኖች ፔርና ክራይ የተባሉትን ዘረመሎች ለሥራ ያነሣሣሉ። ከእነዚህ ዘረመሎች የሚሠሩት ፕሮቲኖች እየተጠራቀሙ ሲሄዱ ተመልሰው አነሣሾቻቸውን ይገታሉ፤ እየፈረሱ ሲያልቁ ደግሞ ዑደቱ እንደገና ይጀመራል። የዚህን አሠራር መሠረት በፍራፍሬ ዝንብ ላይ የመረመሩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ዋናው ሰዓት የሚገኘው በአንጎል ውስጥ፣ ሃይፖታላመስ በተባለው ክፍል ነው። ይህን የሚያስተካክለው ከዐይን የሚደርሰው ብርሃን ነው። ጉበት ደግሞ የራሱ ሰዓት አለው፤ እርሱን ይበልጥ የሚያስተካክለው የምግብ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የጄኔቫ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በብርሃን ሰዓት ብቻ እንዲመገቡ የተደረጉ አይጦች ጉበት ሰዓቱን በምግቡ ልክ ሲገለብጥ፣ የአንጎላቸው ሰዓት ግን በብርሃኑ እንደ ጸና ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 በ12 የአይጥ የሰውነት ክፍሎች ላይ የቀረበ ጥናት ደግሞ ፕሮቲን ከሚያሠሩት ዘረመሎች 43 በመቶ ያህሉ ቢያንስ በአንዱ ክፍል ውስጥ በዕለት ዑደት ከፍ ዝቅ እንደሚሉ፣ ቁጥራቸውም ከሁሉ ይልቅ በጉበት ውስጥ እንደሚበዛ አመልክቷል። እንግዲህ የሚሰየመው ነገር ይህ ነው።

ለ. «ዕለታዊ ምት» እና «ዐውደ ዕለት»

«ሰርካዲያን» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1959 የፈጠረው ፍራንዝ ሃልበርግ ነው። ቃሉ ከላቲን የተገጣጠመ ሲሆን ፍቺው «ዕለት ያህል» ማለት ነው። ኀይሉ ያለው «ያህል» በሚለው ላይ ነው። ሰው ከውጭ ብርሃንና ከሰዓት ምልክት ተለይቶ ቢቀመጥ ውስጣዊ ዑደቱ በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። ይኸውም ዑደቱ የፀሐይ ጥላ ብቻ አለመሆኑን፣ ከውስጥ የሚነሣ መሆኑን ያስረዳል።

«ዕለታዊ» የሚለው ቅጽል ይህን ሁሉ ይጥለዋል። ዕለታዊ ጋዜጣ፣ ዕለታዊ ገቢ እንላለን፤ በየቀኑ የሚደጋገም ሁሉ ዕለታዊ ነው። «ምት» የሚለውም አይመቸንም። ምት የልብና የከበሮ ነው፤ በደቂቃ ሰባና ሰማንያ ጊዜ የሚመታውንና በዕለት አንድ ጊዜ የሚዞረውን በአንድ ቃል መጥራት አንባቢን ያሳስታል። «ዑደት» የተሻለ ነው።

ባዕዱን ቃል እንዳለ እንውሰድ የሚሉም አሉ። እነርሱን የምናሳስባቸው አንድ ነገር አለ። በግእዝ «ሠርክ» ምሽት ነው፤ በአማርኛም ሰርክ ሲባል ዘወትር ማለት ይሆናል። «ሰርካዲያን» የሚለውን የሰማ የቤተ ክህነት ተማሪ ቃሉን ከሠርክ ጸሎት ጋር ቢያዛምደው አይፈረድበትም። መመሳሰሉ ግን የአጋጣሚ ነው። እንዲህ ያለ የሐሰት ዘመድ ያለው ባዕድ ቃል በሊቃውንቱ ጽሑፍ በማብራሪያነት ቢጠቀስ እንጂ ለሕዝብ ስያሜነት ባይሰጥ ይመረጣል።

ግእዙን የሚመርጡ ደግሞ «ዐውደ ዕለት» ሊሉ ይችላሉ። ስያሜው ሲታይ ያማልላል፤ ዐውድ ዙሪያ ነው፣ ዕለትም ዕለት ነው፣ ላቲኑን ቃል በቃል የሚተካ ይመስላል። ነገር ግን ቦታው የተያዘ ነው። በባሕረ ሐሳብ ዐውደ ዕለት ከሰባቱ አዕዋዳት የመጀመሪያው ሲሆን የሚቈጥረውም ሰባቱን የሳምንት ቀናት ነው። ዐውደ ወርኅ፣ ዐውደ ዓመት እያለ እስከ 532 ዓመቱ ዐውደ ቀመር ይዘልቃል። የ24 ሰዓቱን ዑደት ዐውደ ዕለት ብንለው፣ የጎጃም ባለ ሐሳብ ሰውነታችን በሰባት ቀን አንድ ጊዜ ይዞራል ያልን መስሎ ይሰማዋል። አዲስ ቃል ከመፍጠር አስቀድሞ የነባሩን ሙያ መዝገብ መፈተሽ የሚያሻው ስለዚህ ነው።

በእኛ በኩል «ውስጣዊ የዕለት ዑደት» የሚለውን እናቀርባለን። ሦስት ቃል መሆኑ እንደ ጉድለት ይቈጠር ይሆናል። ሆኖም «ውስጣዊ» የምንጩን፣ «ዕለት» የርዝመቱን፣ «ዑደት» የጠባዩን ነገር ይናገራሉ። «ያህል» የሚለው ሐሳብ በመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ውስጥ ይገባል።

ሐ. ሰዓትን ስለ መቍጠር

አሁን አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች ቀድሞ ወደሚገኝበት ስፍራ ደረስን። የዘርፉ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ ሰዓትን ከእኩለ ሌሊት አይቈጥሩም። ብርሃን የሚበራበትን ቅጽበት ዜሮ ብለው ከዚያ ይቈጥራሉ፤ ብርሃኑ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በርቶ ሲጠፋ 12 ይላሉ። ይህን አቈጣጠር የሰየሙት «ጊዜ ሰጪ» በሚል የጀርመንኛ ቃል ነው። እኛ ከዚህ ጋር ለመተዋወቅ ምንም ትምህርት አያስፈልገንም፤ በአገራችን ሰዓት የሚቈጠረው እንዲሁ ነውና። የእነርሱ 6 የእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው። የእነርሱ 12 የእኛ የምሽት 12 ሰዓት ነው። ከ12 በላይ ሲሆን 12 እንቀንሳለን፤ 14 ሲሉ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ 18 ሲሉ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይሆናል።

ይህ መግጠም በጎጃም ደጋ ባዶ ቃል አይደለም። ደብረ ማርቆስ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ከሩብ አለፍ ብሎ የሚገኝ በመሆኑ፣ ረጅሙ ቀን ከ12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል እምብዛም አይርቅም። በሰሜን አውሮፓ እንደሚታየው ክረምትና በጋ ቀኑን አይበጣጥሱትም። ይሁን እንጂ አንድ ማስተካከያ መጨመር አለብን። የአገሪቱ ሰዓት የተመሠረተው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ሲሆን፣ ደብረ ማርቆስ ከዚያ መስመር በስተ ምዕራብ ከ7 ዲግሪ በላይ ይርቃል። በዚህ የተነሣ ፀሐይ በደብረ ማርቆስ የምትወጣው በዓመቱ ውስጥ ከ12 ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አልፎ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። የእጅ ሰዓቱና የገበሬው ፀሐይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይለያያሉ ማለት ነው። ስለዚህ ስለ ሰውነት ዑደት የሚጽፍ ሰው «ፀሐይ ከወጣች በኋላ በ2ኛው ሰዓት» እና «ከጧቱ 2 ሰዓት» የሚሉትን ሳይለይ መጻፍ የለበትም።

ተርጓሚዎቻችን ግን ይህን ሀብት ትተው የባዕዱን ቍጥር እንዳለ ሲያሰፍሩ ይታያሉ። በእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ ማታ 8 ሰዓት ተብሎ የተጻፈው በአማርኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። «በ8 ሰዓት» ብሎ የተረጐመ ሰው መድኃኒቱን ወይ ከቀትር በኋላ ወይ በውድቅት እንዲወሰድ አዘዘ። ይባስ ብሎ «ሰዓት» በአማርኛ የጊዜን ነጥብና የጊዜን ርዝመት በአንድ ድምፅ ይጠራል። «በ8 ሰዓት» እና «በየ8 ሰዓቱ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። ርዝመቱን ስንጽፍ «ስምንት ስምንት ሰዓት እያሳለፉ»፣ ነጥቡን ስንጽፍ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚለውን ሳንጥል መጻፍ ይኖርብናል።

መ. የማን ሌሊት?

ሌላው ስሕተት ከቃል ሳይሆን ከፍጡር መለየት የሚመጣ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው ጥናቶች በአይጥ ላይ የተደረጉ ናቸው። አይጥ በሌሊት ይነቃል፤ በሌሊት ይበላል። ስለ አይጥ ጉበት «ይህ ዘረመል በሌሊት ይበረታል» የሚል ዐረፍተ ነገር እንዳለ ወደ አማርኛ ሲመለስ አንባቢው የራሱን ሌሊት ያስባል። የጉበት ሰዓት የምግብን ጊዜ የሚከተል ከሆነ ግን የአይጡ ሌሊት ለገበሬው ቀን ነው። ገበሬው በሬ ጠምዶ የሚውልበትና የሚመገብበት ጊዜ ለአይጥ የመኝታ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከእንስሳ ጥናት የሚተረጐም ጽሑፍ «ቀን» እና «ሌሊት» በሚሉት ፈንታ «የንቃት ጊዜ» እና «የዕረፍት ጊዜ» እንዲል፣ እንስሳውንም በስሙ እንዲጠራ እናሳስባለን። ይህ ካልተደረገ አንዱ ስለ አይጥ እውነት የጻፈውን ሌላው ስለ ሰው ሐሰት አድርጎ ያነበዋል።

ሠ. «ቀን» እና «ጾም»

ግእዝ ሦስት ቃል አለው፤ ዕለት፣ መዓልት፣ ሌሊት። ዕለት መዓልትንና ሌሊትን አቅፎ ይይዛል። በአማርኛ ዕለታዊ ንግግር «ቀን» የዕለትንም የመዓልትንም ሥራ ተሸክሟል። ለዘወትር ኑሮ ይህ አይጎዳም፤ ለመድኃኒት ትእዛዝ ግን ይጎዳል። ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራው አብልጦ በሌሊት ነው። ከዚህ የተነሣ ሲምቫስታቲንን የመሰለ በሰውነት ውስጥ ብዙ የማይቆይ መድኃኒት በምሽት እንዲወሰድ ይመከራል። ታዲያ «በቀን አንድ ጊዜ» ተብሎ የተጻፈውን አንብቦ አንድ ሰው በቀትር ቢወስደው ጥፋቱ የማነው? እርሱ ቀን ሲባል የሰማው ፀሐይ ያለችበትን ነው። «በየዕለቱ ማታ አንድ ጊዜ» ተብሎ ቢጻፍ ግን የሚያጠራጥር ነገር አይቀርም። አማርኛ ዕለት የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ አልጣለውም፤ ለዚህ ሥራ ብንመልሰው ቃሉም ይጠቅማል፣ ሕመምተኛውም ይድናል።

«ጾም» የሚለው ቃል ነገር ከዚህ ይከፋል። በሳይንሱ ጽሑፍ ውስጥ ከምግብ መከልከል ማለት ሰዓታት ሲቈጠሩ ምንም አለመብላት ነው። በዚያ ጊዜ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ለደም ይለቃል፤ እያለቀበት ሲሄድም ከስብ ሌላ ማገዶ ያዘጋጃል። በምእመኑ አነጋገር ግን ጾም ሁለት ነገር በአንድ ላይ ነው። አንዱ እስከ ተወሰነ ሰዓት፣ ለብዙዎች በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት፣ እህል አለመቅመስ ነው። ሁለተኛው ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ መከልከል ነው፤ ይህኛው ከ9 ሰዓት በኋላም ይቀጥላል። «ነገ ጾመው ይምጡ፤ ደም እንመረምራለን» የተባለ ሰው በሽሮ ቁርሱን በልቶ ቢመጣ ትእዛዙን አላፈረሰም፤ በእርሱ ቋንቋ ጾሟል። የምርመራው ውጤት ግን የተሳሳተ ይሆናል። ደግነቱ አማርኛ ለዚህ የሚሆን ነባር ሐረግ አለው፤ «በባዶ ሆድ»። ሰዓት ሲያስፈልገው ደግሞ «ከማታ 2 ሰዓት ጀምሮ እህል ሳይቀምሱ» ማለት ነው። ጾም የሚለውን ቃል ለባለቤቱ፣ ለሃይማኖቱ፣ እንተውለት።

ረ. «የዘረመል አገላለጽ»

ዘረመል የሚለው ስያሜ በመማሪያ መጻሕፍት ስለ ሰነበተ አንነካውም። «ዘር» የሚለው የመጀመሪያ ክፍሉ ብቻውን አንባቢን ይመራል፤ ሁለተኛው ክፍል ግልጽ ባይሆንም ልማድ አጽንቶታል። የምንነቅፈው «የዘረመል አገላለጽ» የሚለውን ነው። አገላለጽ በአማርኛ የተናጋሪ ነገር ነው፤ ጥሩ አገላለጽ፣ የተወሳሰበ አገላለጽ ይባላል። «በጉበት ውስጥ የዘረመል አገላለጽ በሌሊት ይቀንሳል» የሚለውን ያነበበ ሰው ስለ አንደበት የሚነገር ይመስለዋል።

መድኃኒቱ ከራሱ ከቃሉ ሥር ይገኛል። የግእዙ ጸ በአማርኛ ወደ ጠ ሲዞር ብዙ መንትያ ቃላት ተገኝተዋል፤ ጾምና ጦም፣ ፀሐይና ጠሐይ፣ ጸጉርና ጠጉር። ገለጸና ገለጠም እንዲሁ ናቸው። የእነዚህ ግን ፍቺያቸው ተለያይቷል። ገለጸ አስረዳ፣ ነገረ ሲሆን፣ ገለጠ የተሸፈነውን ከፈተ፣ የተዘጋውን መጽሐፍ ዘረጋ ማለት ነው። በሕዋስ ውስጥ የሚደረገውም ይኸው ሁለተኛው ነው። ረጅሙ የዘር ክር ተጠቅልሎ ተከድኖ ይኖራል፤ የሚፈለገው ክፍል ሲደርስ ያ ስፍራ ይላቀቃል፣ ይነበባል፣ ፕሮቲን ይሠራበታል፤ ጊዜው ሲያልፍ ተመልሶ ይከደናል። የጉበት ዘረመል በየዕለቱ በሰዓቱ የሚገለጥና የሚከደን ገጽ ነው። ስለዚህ «የዘረመል መገለጥ» እንበል። ልዩነቱ አንድ ፊደልና አንድ የግስ እርባታ ነው፤ የሚያመጣው ብርሃን ግን ብዙ ነው። ተቃራኒውም «መከደን» ተብሎ ሳይፈለግ ይመጣል።

ሰ. «የምግብ መፈጨት»

ሜታቦሊዝምን «የምግብ መፈጨት» ብሎ መተርጐም ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው እንላለን። መፈጨት የጨጓራና የአንጀት ሥራ ነው፤ የጉበት ዋና ሥራ መፈጨት ካለቀ በኋላ ይጀምራል። በጤፍ አገር ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። እህል በወፍጮ ከተፈጨ በኋላ ሥራው በጓዳ ነው፤ ይቦካል፣ ይጋገራል፣ ለነገ የሚሆነው ይቀመጣል፣ ጥራጊው ይወጣል። ወፍጮና ጓዳ አንድ አይደሉም። ጉበት ጓዳው ነው። ከምግብ በኋላ ስኳሩን ግላይኮጅን አድርጎ እንደ ጎታ ይከታል፤ ይህ ክምችት በአዋቂ ሰው እስከ 100 ግራም ገደማ ይደርሳል። ሰው ሲተኛ ያንኑ እየቀነሰ ለአንጎልና ለደም ያድላል። ፕሮቲንና ሐሞት ይሠራል፤ መርዝ የሆነውን ለይቶ ያስወግዳል። ይህ ሁሉ ተራ አለው፤ መክተቻና ማውጫ ሰዓቱ ይለያያል።

ለዚህ ጠቅላላ ሥራ ከ«ለውጥ» ሥር አዲስ ቃል ማውጣት ይቻል ነበር። ነገር ግን «የዘረመል ለውጥ» የሚባል ሌላ ነገር በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ስላለ ይጋጫል። «ሜታቦሊዝም» በባዕድነቱ ይቆይ፤ ለሕዝብ ሲነገር ግን ስሙ ተትቶ ግሱ ይነገር፤ ይከታል፣ ያወጣል፣ ይገነባል፣ ያፈርሳል፣ ያስወግዳል። የአማርኛ ኀይል በግሱ ላይ ነው። ረቂቅ ስም ስንፈልግ የምንደክመው ድካም ብዙ ጊዜ አንድ ግስ በቦታው ቢገባ የሚቀር ነበር።

ሸ. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ሁለት ወገኖች እንደሚቃወሙን እናውቃለን። የመጀመሪያዎቹ «ሳይንስ ዓለም አቀፍ ነው፤ ስያሜውን ሁሉ እንዳለ እንውሰድ» ይላሉ። ክሎክ፣ ፔር፣ ግላይኮጅን የሚሉትን እኛም ወስደናል፤ እነዚህ የነገሮች መጠሪያ ስሞች ናቸውና። ጊዜን የሚያመለክት ቃል ግን ከሰው ኑሮ ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ በባዕድ አይተካም።

ሁለተኛዎቹ ሁሉን በግእዝ እንፍጠር ይላሉ። ግእዝን እናከብራለን፤ ዕለትንም ከዚያ አምጥተናል። ዳሩ ግን ግእዝም የራሱ አሻሚ ቃላት አሉት። ለምሳሌ «ከብድ» በግእዝ ሆድንም ጉበትንም ይጠራል፤ የዕብራይስጡና የዐረብኛው ዘመዶቹ ግን ጉበት ማለት ናቸው። «ሰዓተ ከብድ» ብሎ የሰየመ ሰው ሊቁን የሆድ ሰዓት ነው ወይስ የጉበት እያሰኘ ያከራክረዋል፤ ገበሬውን ደግሞ ከናካቴው ያጣዋል። «የጉበት ሰዓት» ሁለቱም ይሰሙታል።

ቀ. ማጠቃለያ

ባጭሩ የምናቀርበው ይህ ነው። ለ«ዕለታዊ ምት» ውስጣዊ የዕለት ዑደት፤ ለ«የዘረመል አገላለጽ» የዘረመል መገለጥ፤ ለምርመራ «ጾም» በባዶ ሆድ፤ ለ«በቀን አንድ ጊዜ» በየዕለቱ አንድ ጊዜ፣ ሰዓቱ ተጨምሮ፤ ለእንስሳ ጥናት «ሌሊትና ቀን» የዕረፍትና የንቃት ጊዜ፤ ሜታቦሊዝም በስሙ ይቆያል፣ «መፈጨት» ለአንጀት ይመለሳል። ሰዓት ሁሉ በአገሩ አቈጣጠር ይጻፋል።

ከእነዚህ ስያሜዎች መካከል ፈጽሞ አዲስ የተፈጠረ ቃል አንድም የለም። ጎህ ሲቀድ፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ለዐይን ያዝ ሲያደርግ፣ ውድቅት እያለ ዕለቱን በዝርዝር የከፈለ ቋንቋ ስለ ዕለት ዑደት ለመናገር ድኻ ሊባል አይገባውም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተመውን መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት እንዲህ ያለው ሀብት እንዳይባክን ነበር። የቀረው ሥራ የእኛ የመዝገበ ቃላት ሠራተኞችና የሐኪሞች የጋራ ሥራ ነው። ሐኪሙ ጉበት መቼ ምን እንደሚሠራ ይንገረን፤ እኛ ደግሞ ያ «መቼ» ደብረ ማርቆስ ደርሶ ሳይዛነፍ እንዲሰማ እናድርግ።